ሀኪማ ያላየችው ክፍል

ሀኪማ ፊልም ስታይ አጠገቧ መቀመጥ መከራ ነው። ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት «አሁን ሊዋሽ ነው» ትላለች፤ ይዋሻል። ተዋናይዋ ሻይ ስታነሳ «ብርጭቆው ባዶ ነው፣ አነሳሷን እይ» ትላለች፤ እውነትም ባዶ ነው። እኔ ጎማ ስፈታና ሳስር የምውል ሰው ነኝ። ፊልም የማየው ድካሜን ልረሳበት እንጂ ብርጭቆ ልመዝንበት አይደለም። ብነግራትም አትሰማኝም።

ቀነኒሳ እባላለሁ። ጎሚስታ ቤቴ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ወደ አስፋልቱ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው፤ የሀኪማ ኪዮስክ ደግሞ ከእኔው ቆርቆሮ ጋር ተደግፎ የቆመ ነው። የእሷ ሥራ የሰው ዕቃ መጠበቅ ነው። እስረኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ስልክ ይዞ ስለማይገባ፣ ስልኩንም ቦርሳውንም ለእሷ ሰጥቶ ቁጥር የተጻፈባት የካርቶን ቁራጭ ይቀበላል። ሲወጣ ካርቶኗን መልሶ ዕቃውን ይወስዳል። ከጎን ውሃ፣ ብስኩትና ሶፍት ትሸጣለች። ከሁሉም ቶሎ የሚያልቀው ሶፍቱ ነው።

ከስልኮቹ መደርደሪያ በላይ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ተሰቅላለች። የገዛላት ባሏ ጁማ ነው። ጁማ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ስለሆነ ከቤት ያለበት ቀን ከሌለበት ያንሳል፤ «እኔን እያሰብሽ ከምትጨነቂ ሌላ ሰው አይተሽ ተጨነቂ» ብሎ አመጣላት። ሴትዮዋም ቃሉን አከበረች። በቴሌቪዥን ያለውን፣ በፍላሽ የሚዞረውን፣ የተረሳውንም የተጣለውንም ሁሉ አየች።

የምትወደው በተለይ ሰው ያላየውን ነው። ሲኒማ ቤት ገብቶ ሳምንት ሳይሞላው የወረደ፣ ፖስተሩ ላይ ሌላ ፖስተር የተለጠፈበት ፊልም ካለ ፈልጋ ታገኘዋለች። «ሰው ያላየውን ፊልም ማየት የታመመ ጎረቤት እንደ መጠየቅ ነው፤ አጅር አለው» ትላለች። ሁሉም ያየውንማ ሁሉም አይቶታል፤ የእሷ ዓይን ምን ይጨምርለታል?

ለምሳሌ «የሰኞ ሰርግ» የሚባል ፊልም አለ። ሙሽሮቹ ለእሁድ አዳራሽ አጥተው ሰኞ ይጋባሉ። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነውና ማንም አይመጣም፤ ቪዲዮ ቀራጩ ብቻ እንጀራው ነውና ባዶ ወንበሩን እየዞረ ሲቀርጽ ይውላል። እኔን ሳይጋመስ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሀኪማ ግን ያ ሰውዬ ለባዶው ወንበር «እባክዎ ወደ ካሜራው ፈገግ ይበሉ» ሲል ከት ብላ ስቃ፣ ወዲያው እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ለምትወዳቸው ፊልሞች ግን አታዳላም። «ከኮምቦልቻ መልስ» የሚባለውን ስታሞግስ ስታሞግስ ከርማ መጨረሻ ላይ «ከኮምቦልቻ እዚህ ድረስ በአውቶቡስ መጥታ ሊፒስቲኳ ያልለቀቀ ሴት አላምንም» ብላ ቀበረችው። የወሎ ልጅ ናት፤ መንገዱን ታውቀዋለች።

አንድ ሕግ ደግሞ አላት። ፊልምን የምትመዝነው በእጅ ነው። «ሰው የሚናገረው ሲያልቅበት እጁን ምን ያደርገዋል? ደራሲው እሱን ካወቀ ሁሉንም አውቋል» ትላለች። እኔ መጀመሪያ ስሰማት «ይቺ ሴት ፀሐይ መታት» አልኩ። ኋላ ግን እጅ ማየት ለመደብኝ።

ይህ ሁሉ ወሬዋ በእኔ ብቻ ቢቀር ጆሮዬ አልቆ ነበር። ደግነቱ ሌላ መውጫ አገኘ። ጠያቂ አጥሩ ጋ ሲቆም የሚናገረው ያጣል። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» «ምግቡ ደረሰህ?» «ደረሰኝ።» ከዚያ ዝም። ውስጥ ያለው አዲስ ነገር የለው፤ ውጭ ያለው ያለውን አይነግረው። ኪራይ ተጨመረብን ይበለው? ልጅህ ትምህርት አቋረጠች ይበለው? ሀኪማ ካርቶን የሚመልሱላትን ሰዎች ፊት አይታ ይሄን ተረዳች። ስለዚህ ለሚገባ ሰው ከካርቶኗ ጋር አንድ ፊልም ማስያዝ ጀመረች። «ወንድምህን ስታገኘው ይሄን ንገረው፤ ሙሽሮቹ አዳራሽ አጡ በለው፣ ከዚያ...» እያለች። ምግቡን በር ላይ ቀምሰው ነው የሚያስገቡት፤ ወሬውን ግን ማንም ቅመስ አይልም። ሰዉ እየሳቀ ሲወጣ ማየት ጀመርን።

እማማ አስካለማርያም የመጡት በክረምቱ መግቢያ ላይ ነው። ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸውም አቃቂ ጣቢያው አጠገብ ልጅ ወልደው ያረጁ የሰፈር እናት ናቸው። ልጃቸው ፍቅሩ የጭነት መኪና ሲያሽከረክር ሰው ገጭቶ ገድሏል። ሟቹ ቀናው የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ገና ወጣት ሚስት ነበረችው። ፍቅሩ ፍርድ ቤት ቆሞ «አጥፍቻለሁ» አለ፤ ከዚያ ሌላ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ለምን፣ እንዴት፣ ምን ሆነህ ሲባል ሆድ ይፍጀው ብሎ ቀረ።

በዚያ ቀን እማማ አስካለ ከግቢው ሲወጡ ካርቶናቸውን ለሀኪማ መስጠት ረስተው በእጃቸው እንደጨበጡ ቆሙ። ሀኪማ አስቀመጠቻቸው፤ ውሃም ከፈተችላቸው።

«አትምጪ አለኝ» አሉ። «‹እማዬ፣ የምትመጪው ልታለቅሺ ከሆነ ሁለተኛ ስትጠሪኝ አልወጣም› አለኝ። ምን ላድርግ ልጄ? ሳየው እንባዬ ነው የሚቀድመኝ። ምን እንደደረሰበት እንኳ አልነገረኝም። ስጠይቀው ፊቱን ያዞራል።»

ሀኪማ ሶፍት አላቀበለቻቸውም። «እማማ፣ ድራማ ያያሉ?» አለቻቸው።

«እኔ? ዜናም አላይ።»

«እንግዲያው እኔ አይቼ እነግርዎታለሁ፤ እርስዎ ገብተው ለፍቅሩ ይነግሩታል። የሚተርክ ሰው አያለቅስም፤ መስመሩ ይጠፋበታል።»

የመረጠችላቸው ድራማ «አራተኛ ፎቅ በስተግራ» ይባላል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ኳስ በሚያይበት ሰዓት ስለሚተላለፍ ከሀኪማ በቀር የሚያየው ሰው አላውቅም። መክብብ የሚባል ኤሌክትሪሺያን ኮንዶሚኒየም ሲሠራ አንዱ ሽቦ ያረጀ መሆኑን እያወቀ፣ ቶሎ ልጨርስ ብሎ ቀጥሎት ያልፋል። በዚያ ሽቦ የተነሳ እሳት ጎረቤቱን ይገድላል። ማንም አላወቀበትም። መክብብ ግን ከሟቹ ሚስት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ማታ ማታ ስታለቅስ ይሰማታል። ቧንቧዋን ይጠግናል፤ ውሃ ሲጠፋ በጀሪካን አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሸከምላታል። እውነቱን ግን አይነግራትም። ያለ ተኩስ፣ ያለ ቪላ፣ ያለ ሰርግ የሚሄድ ድራማ ነው። «መክብብ ጀሪካኑን ሲያስቀምጥ እጁን እይልኝ» ትለኛለች ሀኪማ፤ «ማስቀመጡን አይፈልግም፤ ካስቀመጠ መናገር አለበት።»

እንዲህ ያለውን ታሪክ ሰው ለገደለ ልጅ ማስላኳ እኔን አስደንግጦኝ ነበር። «የሰው ቁስል ትነካኪያለሽ» አልኳት። «ቁስሉ ከተሸፈነ አይደርቅም» አለችኝና ወደ ስልኮቿ ዞረች።

የመጀመሪያ ጊዜ ፍቅሩ ዝም ብሎ ሰማ። በሚቀጥለው ሳምንት እማማ አስካለ ሳይጨርሱ «ከዚያስ?» አለ። እሳቸው ሲወጡ ይህችን «ከዚያስ» እንደ ስጦታ ይዘዋት ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሳይጠሩት አጥሩ ጋ ቆሞ ይጠብቃቸው ጀመር። ይከራከራቸውም ነበር፤ «አይነግራትም እማዬ፣ እንዴት ብሎ ይነግራታል? ከየት ይጀምረዋል?» ይላል። እሳቸውም አያለቅሱም፤ መስመሩ እንዳይጠፋባቸው ይጠነቀቃሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ድራማው ሲያልቅ የሀኪማ በር ላይ ደርሰው «ምን ሆነ?» ማለት ልማዳቸው ሆነ። አንድ ቀን የሀኪማን ሕግ ሳይቀር ለእኔ ሊያስተምሩኝ ሞከሩ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ መክብብ ወጥቶ የጎረቤቱ በር ላይ ቆመ። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ። እዚያ ላይ ክፍሉ አለቀ። እኔም ሳላስበው ጎማዬን ትቼ ቆሜ እያየሁ ነበር። ሀኪማ «አላህ ይወቀው! ይሄ እጅ!» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ሴት የጁስ መፍጫ ስታስተዋውቅ አገኘናት። «ማስታወቂያ ነው፣ ያልፋል» አልን። ካሮት ፈጨች፣ ማንጎ ፈጨች፣ በረዶም ፈጨች፤ ድራማው አልመጣም። ሀኪማ ጣቢያው ጋ ስትደውል ያነሳው ሰው «እሱ ተቋርጧል፤ ስፖንሰር የለውም» አላት። «መቼ ይመለሳል?» ስትል «እመቤቴ፣ ስለሱ የደወሉት እርስዎ ብቻ ነዎት» ብሎ ዘጋው።

በጣም ተናደደች። እኔ ግን ነገሩ ቀላል መስሎኝ «እንግዲህ አንቺ ጨርሺው፤ አንኳኳ፣ ነገራት፣ ይቅር አለችው። አለቀ!» አልኳት።

«እኔ ያላየሁትን አየሁ አልልም።»

«ድራማ እኮ ነው ሀኪማ! የምስክር ቃል መሰለሽ?»

«እንደሱ እያልክ ነው እንግዲህ ቁራጭ ፊልም ስትውጥ የኖርከው!» አለች ጮክ ብላ። «ይቅር አለችው ብዬ ብልክ፣ ልጁ ነገ ወጥቶ ይቅር የሚለው ሰው ቢያጣስ? ወላሂ አላደርገውም።»

አኮረፍኩ። ፍቅሩ ከአጥሩ የሚርቅ፣ እማማ አስካለም ወደ እንባቸው የሚመለሱ መሰለኝ። አንዲት ውሸት ላለመዋሸት ሁለት ሰው ታጠፋለች ብዬ አማኋት፤ ብታዳምጠኝ ኖሮ ምን እንደምናጣ ያኔ የት አውቄ።

እማማ አስካለ መጡ። ሀኪማ እውነቱን ነገረቻቸው። ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን ስልካቸውን ሰጡ፣ ካርቶናቸውን ተቀበሉ፣ የምግብ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ባዶ አፋቸውን ገቡ። ያን ቀን ሀኪማ ቴሌቪዥኑን አልከፈተችም፤ እኔም ያለ ሥራዬ የኪዮስኳ በር ላይ ቆምኩ።

ሌላው ጠያቂ ሁሉ ወጥቶ እሳቸው ቆዩ። ሲወጡ አላለቀሱም፤ ግን የሚሄዱበትን መሬት የማያዩ ይመስሉ ነበር። ተቀምጠው ሲያበቁ «ቀጣዩን ክፍል ነገረኝ» አሉ።

«ማን?» አልኩ።

«ፍቅሩ። ድራማው ተቋርጧል፣ የምነግርህ የለኝም አልኩት። ‹እንግዲያው እኔ ልንገርሽ› አለኝ። ‹መክብብ በሩን አንኳኳ። ሴትየዋ ከፈተች። እንዲህ አላት፤ ጠዋት ስነሳ ፍሬኑ ላላ ማለቱን አውቄ ነበር። ባለመኪናው ዛሬ ካልደረስክ ነገ አትምጣ አለኝ። አንድ ምልልስ ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ ተነሳሁ። ከገላን ስወርድ ዝናብ ያዘኝ። ፍሬኑን ስረግጠው ወለሉ ድረስ ገባ...›»

«ቆይ እንጂ» አልኩ፤ «ኤሌክትሪሺያኑ በየት በኩል ፍሬን መጣለት?»

ሀኪማ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ገና ያን ጊዜ ገባኝ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ? ልጁ ምሳሌው አልቆበት ነገሩን ራሱን ይዞ ወጣ።

«‹ሰውየው ጃንጥላ ይዞ ነበር፣ አላየኝም› አለ» ቀጠሉ እማማ አስካለ። «‹ወርጄ አጠገቡ ዝናቡ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ እጁን ያዝኩት። እሱም ያዘኝ። እስኪያልፍ ድረስ አለቀቀኝም። ጃንጥላው የእሷ ነው፣ እንዳይጠፋ አለኝ። የማን እንደሆነ አላውቅም። ንፋሱ ወስዶት ነበር፣ ፈልጌ አጣሁት› አለ። ይሄን ሁሉ የነገረኝ መክብብ፣ መክብብ እያለ ነው። እኔም ልጄ ሆይ አላልኩትም። ‹ከዚያስ?› ብቻ አልኩት።»

«ምን አለ?» አለች ሀኪማ። ይህችን ጥያቄ እሷ ስትጠይቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«‹ሴትየዋ ምን እንዳለች አላውቅም። እሱን የምታውቀው እሷ ናት› አለኝ።»

ሀኪማ የእማማ አስካለን ስልክ እንደያዘች ቆማ «እጁን ያዝኩት» የሚለውን ለራሷ ደገመችው። ከዚያ ቀና ብላ «ይሄንን ማንም ሊፈጥረው አይችልም» አለች። ሀኪማ ስታሞግስ እንዲህ ነው የምትለው፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የላትም።

የቀናው ሚስት ዮዲ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። በጊዜው በወጉ ሽማግሌ ተልኮ፣ የሟች ቤተሰብ እርቁን ተቀብሏል። ዮዲ ግን ሽማግሌዎቹ ተነስተው እስኪሄዱ ከጓዳ አልወጣችም ነበር። እማማ አስካለ ይሄን እያወቁ «እሄዳለሁ» አሉ። ሀኪማ ኪዮስኳን በጊዜ ዘጋች፤ እኔንም «ወንድ ሰው አብሮ ይኑር» ብለው በሚኒባስ ይዘውኝ ሄዱ።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። እማማ አስካለን ከፍርድ ቤት ታውቃቸዋለችና ፊቷ ተለወጠ። ግቡም አላለች፣ ሂዱም አላለች። እማማ አስካለ በመንገድ ያጠኑት ቃል ሁሉ ጠፋባቸው መሰለኝ፣ እጃቸው ነጠላቸውን ሲጠቀልል አየሁ።

«ይቅርታ ልለምንሽ አልመጣሁም ልጄ» አሉ፤ «እሱን ሽማግሌዎቹ ለምነዋል። እኔ የመጣሁት ልጄ የነገረኝን ልነግርሽ ነው። ለማንም ነግሮ አያውቅም።»

ቆማ ሰማች። ስለ ፍሬኑ ሲነግሯት ከንፈሯን ነክሳ በሩን ልትዘጋው ምንም አልቀራት፤ እማማ አስካለ ግን አላስተባበሉም፣ «አውቆ ነው የተነሳው» ብለው እንዳለ ነገሯት። ስለ እጁ ሲነግሯት ዮዲ በሩን ለቀቀችው።

«ሐኪሞቹ ‹ስንደርስ አልፎ ነበር› ነው ያሉኝ» አለች። «መንገድ ላይ፣ ዝናብ ላይ፣ ብቻውን የሞተ ነበር የሚመስለኝ። በየቀኑ እሱን ነው የማስበው። ብቻውን አልነበረም?»

«ብቻውን አልነበረም» አሉ እማማ አስካለ። «ጃንጥላው የእሷ ነው፣ እንዳይጠፋ ብሎታል። የማን እንደሆነ ፍቅሩ አያውቅም።»

ዮዲ አፏን በእጇ ያዘች። ያን ቀን ጠዋት ቀናው የራሱን አጥቶ የእሷን አበባማ ጃንጥላ ይዞ ወጥቶ ነበር። «ጓደኞችህ ይስቁብሃል ብዬው ነበር» አለች፤ ከዚያ በኋላ አለቀሰች። እማማ አስካለም አለቀሱ፤ ለዚህኛው እንባ መስመር መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እኔ ደረጃው ላይ ቁልቁል እያየሁ ቆየሁ። ትንሽ ቆይታ ዮዲ «ግቡ፣ በር ላይ አትቁሙ» አለችን።

በሚቀጥለው የጥየቃ ቀን እማማ አስካለ ብቻቸውን አልመጡም። ዮዲ ከሚኒባሱ ወርዳ ኪዮስኩ ፊት ቆመች፤ ስልኳን አጥፍታ ለሀኪማ ሰጠች። ሀኪማ ካርቶኗን ስትሰጣት እንደ ልማዷ አብራ የምታስይዛት ፊልም አልነበራትም። ዮዲ ግን ካርቶኗን ይዛ አልሄደችም።

«ምን ልበለው?» አለች።

«ምንም አትበዪው» አለቻት ሀኪማ። «ይንገርሽ። ሲነግርሽ እጁን እዪው።»

እማማ አስካለ ክንዷን ይዘው ወደ በሩ ወሰዷት። ከኋላችን ቴሌቪዥኑ ላይ ያቺ ሴት ዛሬም ማንጎ ትፈጫለች። ሀኪማ ድምፁን ቀነሰችና በርጩማዋን ወደ መንገዱ አዙራ፣ በሩን እያየች ተቀመጠች። እኔም የያዝኩትን ጎማ አስቀመጥኩና አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ።